ቤት አልባው ያቀረበው አቤቱታ

ኢንተርኔት ለከተማ አስተዳደር ምን ይፈይዳል የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር፣ እኔ የማስታውሰው የሳንታ ሞኒካን ታሪክ ነው። ይህች የካሊፎርኒያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና ሳይታወቅ፣ ነዋሪዎች ከሹማምንቱም ሆነ እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉበትን «ፔን» የተሰኘ የኮምፒውተር መረብ ዘረጋች። ኮምፒውተር ለሌለውም በቤተ መጻሕፍትና በሌሎች የሕዝብ ቦታዎች መጠቀሚያ ተዘጋጀለት።

በዚህ በር ከገቡት መካከል ቤት አልባዎች ነበሩ። ሥራ የሚፈልግ ሰው ገላውንና ልብሱን ሳያጥብ፣ ጓዙን የሚያኖርበት ሳያገኝ፣ እንዴት ቀጣሪ ፊት ይቀርባል ሲሉ ጠየቁ። ቤት ያላቸውም ነዋሪዎች አብረዋቸው መከሩ፤ ጉዳዩ እስከ ምክር ቤቱ ደርሶ ለገላ መታጠቢያና ለዕቃ ማስቀመጫ በጀት ተመደበ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ውሎ አድሮ ጥቂት ተሳዳቢዎች ውይይቱን ተቆጣጠሩት፤ መልስ ይሰጡ የነበሩ የምክር ቤት አባላትም ሸሹ።

እንግዲህ መረቡ ቤት አልባውን ከሹሙ ጋር በእኩልነት ማነጋገሩ እውነት ነው፤ ይህን ውለታውን አልክድም። ነገር ግን ሰሚ ከሌለ፣ አቤቱታ በወረቀትም ተጻፈ በኮምፒውተር ያው ነው። ሰሚን የሚያባርረው ደግሞ ሁልጊዜ ሹሙ ራሱ አይደለም፤ አንዳንዴ እኛው ነን።