ከማሠራጫ ጣቢያ እስከ ቤት መደርደሪያ፤ የቴሌቪዥን ድራማ ቅጂዎች ታሪክ

መጽሐፍ በታተመ ጊዜ ከማተሚያ ቤቱ የሚወጣው አንድ ቅጂ ብቻ አይደለም። በሺህ ተባዝቶ ወጥቶ በሺህ ቤት ስለሚቀመጥ፣ አንዱ ቢቃጠል፣ ሌላውን ምስጥ ቢበላው፣ ሦስተኛው ከአንድ ሣጥን ግርጌ ተገኝቶ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የቴሌቪዥን ድራማ ግን በመጀመሪያዎቹ ዐሥርታት ይህን መሰል ዕድል አልነበረውም። በአንድ ምሽት ብዙ ሕዝብ ያየዋል፤ በማግሥቱ አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ሆኖ በጣቢያው መጋዘን ውስጥ ይቆለፍበታል። መጋዘን ጠባቂው ቦታ ጠበበኝ ባለ ጊዜ ወይም የመቅረጫው ክር ለሌላ ሥራ በተፈለገ ጊዜ ድራማው እንዳልተሠራ ሆኖ ይቀራል። ተመልካቹ የድራማውን ቅጂ በገንዘቡ ገዝቶ በቤቱ ሊያስቀምጥ የቻለው የቪዲዮ ካሴት ከመጣ ወዲህ ነው። የዚህ ለውጥ ታሪክ አንዱ ጫፍ ደግሞ፣ ብዙ ሰው ባይጠረጥረውም፣ አዲስ አበባ ላይ ያርፋል።

በመስከረም 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ «ሰንዴይ ፒፕል» የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ አንድ አስደናቂ ወሬ ይዞ ወጣ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ብሮድካስት ድርጅት ቢቢሲ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው «ዶክተር ሁ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ጠፍተው የቀሩ ከመቶ በላይ ክፍሎቹ በኢትዮጵያ ተገኙ የሚል ነበር። ወሬው ውቅያኖስ ተሻግሮ ተናኘ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ቢቢሲ ራሱ እውነቱን ሲገልጽ፣ የተገኙት ፊልሞች በኢትዮጵያ ሳይሆን በናይጄሪያ፣ ጆስ በተባለችው ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ውስጥ እንደነበሩ ታወቀ። ብዛታቸውም ከመቶ በላይ ሳይሆን 11 ነበር፤ ከነዚህም ውስጥ 9ኙ ከዚያ በፊት በየትኛውም ስፍራ ያልነበሩ ናቸው።

ወሬው ሐሰት ነበር፤ ነገር ግን ከሜዳ የተነሣ ሐሰት አልነበረም። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

«ዶክተር ሁ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። በዚያ ዘመን የቪዲዮ መቅረጫ ክር ሰፊና ከባድ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ስለነበር፣ ጣቢያዎች በላዩ ላይ ያለውን እያጠፉ ደጋግመው ይገለገሉበት ነበር። ከተዋንያን ጋር የሚደረገውም ውል አንድን ድራማ ደጋግሞ ለማሳየት አያመችም ነበር። ስለዚህ ያለፈን ድራማ ማስቀመጥ ለሒሳብ ሹሙ ትርፍ የሌለው ወጪ ነበር። ሥራዎቹን ከጥፋት ያዘገየው ለውጭ አገር መሸጣቸው ነው። ለዚህ ሲባል ድራማው ከመስኮቱ ላይ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ተቀርጾ፣ ጥቅል ጥቅሉ በቆርቆሮ ጣሳ እየታሸገ ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይላክ ነበር። ገዢው ጣቢያ ካሳየ በኋላ ሦስት መንገዶች ነበሩት፤ ፊልሙን ይመልሳል፣ ለሚቀጥለው አገር ያስተላልፋል፣ ወይም ያጠፋል። ቢቢሲ የራሱን ሥራዎች በሥርዓት መጠበቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ያን ጊዜ ግን ብዙው ሄዶ ነበር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ሥርጭቱም ከዋና ከተማይቱና ከአካባቢዋ የማያልፍ ነበር። አዲስ ጣቢያ የምሽቱን ሰዓት በራሱ ሥራ ብቻ ሊሞላው አይችልምና ከውጭ አገር ፊልም ይገዛ ነበር። ከተገዙትም መካከል የ«ዶክተር ሁ» የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታሪኮች ይገኙበታል። በተለይ «ማርኮ ፖሎ» የተባለው ሰባት ክፍል ያለው ታሪክ በዓለም ዙሪያ ከሸመቱት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆና ትጠቀሳለች፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1970 ግድም ነው። ጠፍቶ የቀረን ዕቃ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው በመጨረሻ የያዘውን ሰው ነው። የወሬው ሥር እዚህ ላይ ይገኛል።

የ«ማርኮ ፖሎ» ዕጣ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከሰባቱ ክፍሎች አንዱም እንኳ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በተደረገው ፍለጋ ሁሉ አልተገኘም። ድምፁ ግን ሙሉ በሙሉ አለ። ያተረፉትም ሹማምንት ወይም ቤተ መዛግብት አልነበሩም፤ በየቤታቸው የድምፅ መቅረጫቸውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው የቀረጹ ተመልካቾች ናቸው። ያ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ2003 በሲዲ ታትሞ ወጣ። በ2006 ደግሞ ከመስኮቱ ላይ ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር ተዋሕዶ አጭር ቅንብር ሆኖ በዲቪዲ ቀረበ። ዛሬ ያንን ሥራ ማወቅ የሚሻ ሰው የቆመ ሥዕል እየተመለከተ የሚናገር ድምፅ ይሰማል፤ ከዚህ ያለፈ አያገኝም።

እነዚያ የፊልም ጣሳዎች አዲስ አበባ በደረሱበት ዘመን የባሌ ደጋ በሌላ ዓለም ውስጥ ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪነት የተካሄደው የባሌ ገበሬዎች አመፅ የጠቅላይ ግዛቱን ኑሮ ከሥሩ አናግቶት ነበር። ቴሌቪዥን በጎባ የሚነገርለት እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም። ለዚህም የመሬቱ አቀማመጥ ራሱ አስተዋጽኦ ነበረው። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ተራራ ይጋርደዋል። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ በመንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉም የአርሲ ተራሮች ተገትረዋል፣ ከጎባ በላይ ደግሞ የሳነቴ አምባና 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ አሉ። ምስሉ እዚያ እንዲደርስ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚቀባበሉ ማስተላለፊያዎች መተከል ነበረባቸው። ዛሬ በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የመገናኛ ምሰሶ ቆሟል፤ የጋረደው ተራራ ራሱ መሸከሚያ ሆነ ማለት ነው። በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፈው ራዲዮ ግን የመሬቱን ገጽ እየተከተለ የሚጓዝ በመሆኑ ቀድሞ ደረሰ፤ ሮቤም (የባሌዋ ሮቤ እንጂ የአርሲዋ አይደለችም) የራዲዮ ማሠራጫ የተተከለባት ከተማ ለመሆን በቃች።

የቪዲዮ ካሴት ትልቁ ችሎታው ተራራ የማይጋርደው መሆኑ ነው። በአንድ የሻይ ማስታወቂያ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል አዳባንና ዲንሾን ተሻግሮ፣ በአውቶቡስ ሊጓዝ ይችላል። ቤታማክስ በ1975፣ ቪኤችኤስ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ከጃፓን ወጡ። ቢቢሲም የመጀመሪያውን የ«ዶክተር ሁ» ካሴት በ1983 ለሽያጭ ሲያቀርብ ዋጋው 39 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም ነበር፤ ለእንግሊዛዊው ሠራተኛ እንኳ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ይሁን እንጂ ተሸጠ። ድሮ ትርፍ የለውም ተብሎ የተጣለው ነገር ገበያ እንዳለው ታወቀና ጠፍቶ የቀረውን መፈለግ የሚያዋጣ ሥራ ሆነ። በ1991 መጨረሻ ከሆንግ ኮንግ የተገኘ አንድ ባለ አራት ክፍል ታሪክ በ1992 በካሴት ሲወጣ በእንግሊዝ የቪዲዮ ሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የጆስም ፊልሞች ይፋ በሆኑበት ሳምንት ውስጥ በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀረቡ። እዚህ ላይ ንግድን ማመስገን ለአንዳንድ አንባቢ ላይዋጥለት ይችላል፤ ሆኖም ቤተ መዛግብት ያላደረገውን ካሴት ሻጩ አድርጎታል።

በኢትዮጵያ ከተሞች ካሴቱ የተያዘው በሌላ መንገድ ነው። ማጫወቻውን ለራሱ ቤት የሚገዛው ጥቂት ስለነበር፣ ብዙው ሕዝብ ያየው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየመንደሩ በተከፈቱት ቪዲዮ ቤቶች ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ በመስኮት ላይ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ፣ በበር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ልጅ፤ ቪዲዮ ቤት ማለት ይኸው ነው። የሚታየውም የሕንድ ፊልምና የድብድብ ፊልም እንጂ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የወጣ ድራማ አልነበረም ቢባል ከእውነት አይርቅም። ካሴቱ ነበረ፣ ተመልካቹ ነበረ፣ ድራማውም በማሠራጫው ላይ ነበረ፤ ሦስቱን የሚያገናኝ አሳታሚ ግን አልነበረም።

ከሙዚቃው ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ጎልቶ ይታያል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች በየቤቱ ስለተሸጡ፣ ከዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሙዚቃ እትም ሲያዘጋጅ የሚነሣበት ነገር አገኘ። የጥላሁን ገሠሠና የማህሙድ አህመድ ድምፅ ከባለሥልጣን ቁልፍ ውጪ በሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በዚያው ዘመን በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የተጫወተ ተዋናይ ግን፣ ትወናው ምን ያህል የላቀ ቢሆን፣ በሰው ሳሎን ውስጥ ያለፈው እንደ ጥላ ነው። ዘፋኙንና ተዋናዩን ያበላለጣቸው የሥራቸው ዋጋ ሳይሆን የቅጂያቸው ቁጥር ነው።

ተከታታይ ድራማ በባሌ ደጋ ሰፊ አድማጭ ሊደርስ የሚችልበት መንገድ ራዲዮ ሆኖ ቆይቷል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በአማርኛ «የቀን ቅኝት» በ257 ክፍሎች፣ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ «ዲምቢባ» በ140 ክፍሎች ተላልፈዋል። አፋን ኦሮሞ ለሚናገር የባሌ ገበሬ፣ በገዛ ቋንቋው ከሳምንት ሳምንት የሚጠብቀው ልብ ሰቃይ ታሪክ ማግኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በቴሌቪዥን በኩል አድነው ወንድይራድ የደረሰው «ገመና»፣ ኋላም መስፍን ጌታቸው ከደራሲዎቹ አንዱ የሆነበት «ሰው ለሰው» የአገሩን ሕዝብ በምሽት ከመስኮት ፊት የሰበሰቡ ሥራዎች ናቸው። በ«ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የክፉ ሰው ምሳሌ ሆኖ በሰው አፍ ገብቶ ነበር።

የቤት ቅጂ ንግድ በአገራችን ሥር የሰደደው በፊልም በኩል ሲሆን፣ «ጉዲፈቻ»ና «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሳሰሉ በቪዲዮ የተቀረጹ ሥራዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲኒማ ቤቶችን ከሞሉ በኋላ ቪሲዲ ገበያውን ያዘ። ከቪሲዲው ጋር ሕገ ወጥ አባዢም አብሮ መጣ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቢወጣም፣ ዛሬ የወጣ ፊልም ነገ በመንገድ ዳር ሲቸረቸር ያዩ አዘጋጆች ቅጂ ማውጣትን ፈሩት። የአባዢው በደል ግልጽ ነው፤ የደራሲውን ጉሮሮ ዘግቷል። አንድ ነገር ግን ይጨመርበት፤ በእንግሊዝ አገር «ማርኮ ፖሎ»ን በድምፅ ያተረፈው ተመልካችም ሲቀርጽ ፈቃድ አልጠየቀም ነበር። ሕጉ ይህን ልዩነት፣ ለመሸጥ የሚያባዛውንና ለማስታወስ የሚያስቀምጠውን፣ ለይቶ ሊያይ ይገባዋል።

ዛሬ የ«ሰው ለሰው» ክፍሎች በዩቲዩብ ስለሚገኙ፣ በጎባ ያለ ወጣት በእጅ ስልኩ፣ በዋሽንግተን ያለ ስደተኛም በሳሎኑ እኩል ያያቸዋል። የቀደሙት ሥራዎች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ የሠርግ፣ የልደትና ምናልባትም ከቴሌቪዥን የተቀዳ የአንድ ምሽት ድራማ የያዙ ቪኤችኤስ ካሴቶች አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። በካሴቱ ክር ላይ የተለበጠው የማግኔት ብናኝ ከዓመት ዓመት እየረገፈ ይሄዳል፤ እርጥበትና ሻጋታም ያፋጥኑታል። የማጫወቻው ጊዜ ግን ከክሩም ይልቅ አጠረ። በዓለም ላይ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ ሠሪ የነበረው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ማምረቱን አቁሟል። ከእንግዲህ በሮቤ ገበያ አጠገብ ተቀምጦ አሮጌ ማጫወቻ የሚጠግን ባለሙያ የሚተካው መለዋወጫ፣ ከሌላ ከተበላሸ ማጫወቻ የተፈታ ነው።