የታብሌት ድራይቨር

የታብሌት ድራይቨር ስርዓተ ክወናው ስክሪኑን፣ ካሜራውንና ዋይፋዩን የሚያዝበት አነስተኛ ፕሮግራም ነው። በአንድሮይድ ታብሌት ላይ ከፋብሪካ ተጭኖ ይመጣል፤ ከሲስተም አፕዴት ጋርም ይታደሳል። ስለዚህ የድራይቨር ችግር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ታብሌቱ በዩኤስቢ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ነው።

ባትሪው እየሞላ ኮምፒውተሩ ግን ታብሌቱን ካላየው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያስተላልፉ ገመዶች አሉ። ለጥገና ለምሳሌ ከዘጌ ባሕር ዳር ድረስ በጀልባ ከመሻገር በፊት ሌላ ገመድ መሞከር ድካምም ገንዘብም ያድናል። ገመዱ ደህና ከሆነ ታብሌቱ ላይ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለው ይመረጣል። ኮምፒውተሩ ላይ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ከታየ ድራይቨሩን አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነስቶ መሰካት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት የአምራቹን ድራይቨር ሌላ ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፤ ከማይታወቅ ድረ ገጽ የወረደ ግን ቫይረስ ይዞ ሊገባ ይችላል።

ካሜራ አልሠራ ማለቱ ሁልጊዜ የድራይቨር ብልሽት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ለወንጪና ለወለንጪቲ አካባቢ ሕፃናት ባደላቸው የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች ላይ ካሜራው በሶፍትዌር ተዘግቶ ነበር፤ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆች ያለ አስተማሪ ከፍተውታል፤ ሊደነቅ የሚገባው ብልሃት ነው። ስለዚህ ድራይቨር ከመነካካት በፊት ሴቲንግ ውስጥ የካሜራው ፈቃድ መከፈቱን ማየት ይቀድማል።