ፍቺው በሦስት ቀን፣ ሂሳቡ በሠላሳ ዓመት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2014 ስኮትላንዶች ከብሪታኒያ እንለይ ወይስ እንቆይ ብለው ድምጽ ሰጡ። ከተመዘገበው መራጭ 84.6 በመቶው ወጣ፣ 55.3 በመቶው «እንቆይ» አለ፣ በቃ። ውጤቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ ከድምጹ በፊት የነበረው የሁለት ዓመት ክርክር ነው። ሰዉ ከባንዲራው ይልቅ በብዛት የተጨቃጨቀው በገንዘብ ነበር። ፓውንዱን ማን ያትማል? ጡረታዬን ማን ይከፍለኛል? የሰሜን ባሕር ነዳጅ የማን ነው? የጋራው ዕዳ እንዴት ይካፈላል? ባንኮቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ለንደን ቢሄዱስ?

አሰልቺ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ጥያቄዎች። እኛ ግን አንዳቸውንም በአደባባይ ሳንጠይቅ አንድ አገር ሁለት ሲሆን አይተናል።

ሃያ ሁለት ካለው ቢሯችን ሥር ያለች ካፌ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ የአሰብ ነገር የማይነሳበት ሳምንት የለም። ሁላችንም ኮድ የምንጽፍ፣ ሠላሳ ያልሞላን ልጆች ነን። አንዱ «አሰብ የኛ ነበር» ይላል፣ ሌላው «ያለፈ ነገር ተወው» ይላል፣ ሦስተኛው ስልኩን ያያል። ሁላችንም ያደግነው ከመለያየቱ በኋላ ነው፤ እኔ የተወለድኩት በ1990 ነው፣ ጦርነቱ በተነሳበት ዓመት። (ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. ካላልኩ ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው።) ስለዚህ ነገሩን ከፖለቲካው ወንበር ሳይሆን ከሂሳቡ መዝገብ በኩል ልየው ብዬ ተነሳሁ።

ታሪኩን ባጭሩ። በ1945 ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። ልብ በሉ፣ የፌዴሬሽኑ ሕግ ራሱ ስለ ጉምሩክ ገቢ ይናገር ነበር፤ መድረሻቸው ወይም መነሻቸው ኤርትራ ከሆነ ዕቃዎች የሚሰበሰበው ቀረጥ ለኤርትራ ይሰጥ ይላል። ድርሻችን አልደረሰንም የሚለው ቅሬታም ወዲያው ጀመረ። በ1953 የትጥቅ ትግሉ ተነሳ። በ1955 አፄ ኃይለ ሥላሴ ፌዴሬሽኑን አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ዓመት ጦርነት ነው፤ በሁለቱም ወገን ያለ ቤተሰብ ያውቀዋል። ግንቦት 16 ቀን 1983 ሻዕቢያ አስመራ ገባ፣ ከአራት ቀን በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

ሚያዝያ 15፣ 16 እና 17 ቀን 1985 ኤርትራውያን ድምጽ ሰጡ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ኤርትራ ነፃና ሉዓላዊ አገር ትሁን ወይ? ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ 99.8 በመቶው፣ «አዎ» አለ። ግንቦት 16 ነፃነቱ በይፋ ታወጀ።

ማንም ሊለው የሚችለውን አስቀድሜ ልበል። ሠላሳ ዓመት የተዋጋ ሕዝብ ፊት ቀርቦ «ስለ ምንዛሪ ፖሊሲያችሁ እስቲ እንወያይ» ማለት ቀልድ ይመስላል። ልጁን የቀበረ ሰው ድምጹን በካልኩሌተር አይሰጥም። በ1985 የሂሳቡ ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጋ ኖሮ ውጤቱ የሚቀየር አይመስለኝም፤ መቀየር ነበረበት እያልኩም አይደለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መለያየቱ ከተወሰነ በኋላ አብረው የቀሩት ነገሮች፣ ገንዘቡ፣ ወደቡ፣ ገበያው፣ ሰዉ፣ በምን ደንብ ሊኖሩ ነበር?

መልሱ፦ በመሪዎች ወዳጅነት። በሽግግሩ ዓመታት አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ነፃ ወደብ እንዲሆኑ ተስማሙ፣ ስለ ንግድና ስለ ኢኮኖሚ ትብብርም ተፈራረሙ። ኤርትራ የውጭ ዕዳ ሳትካፈል ሕይወት ጀመረች፤ የደርግ ዘመን ዕዳ ኢትዮጵያ ላይ ቀረ። ብሩም እንዳለ ቀጠለ። ሁለት አገር፣ አንድ ብር።

ብሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው። ብርን የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። ምን ያህል ይታተም፣ ወለዱ ስንት ይሁን፣ ዶላር በስንት ይመንዘር የሚለውን የሚወስነው አዲስ አበባ ነው። አስመራ ያለው መንግሥት በዚያ ገንዘብ ደመወዝ ይከፍላል፣ ግብር ይሰበስባል፣ በጀት ያወጣል፤ ውሳኔው ላይ ግን ድምጽ የለውም። በኛ ሙያ ቋንቋ፣ ሁለት መተግበሪያዎች በአንድ ዳታቤዝ ላይ ይሠራሉ፣ ፓስወርዱ ያለው ግን አንዱ ጋ ብቻ ነው። ሁለቱ ሠራተኞች እስከተዋደዱ ድረስ ይሠራል። ዳታቤዙን የመለየት ቀን ሲመጣ ግን ማን ምን ይወስዳል፣ አሮጌው መረጃ የማን ነው የሚለው አስቀድሞ ካልተጻፈ በዚያ ምሽት እንቅልፍ የለም።

ያ ቀን የመጣው በጥቅምት መጨረሻ 1990 ነው። ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። የአስመራ ፍላጎት ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ እየተመነዘሩ በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ነበር። አዲስ አበባ እምቢ አለች። ይባስ ብላ የብሩን ኖት ቀየረች፣ አስመራ ውስጥ ያለው አሮጌ ብር ተመልሶ እንዳይጎርፍ። ከዚያም ደንብ ወጣ፦ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በኤልሲ፣ በውጭ ምንዛሪ ይሁን ተባለ።

ኤልሲ ማለት ምን እንደሆነ አስመጪ ዘመድ ያለው ሰው ያውቃል። ባንክ ትሄዳለህ፣ ፎርም ትሞላለህ፣ ዶላር እስኪፈቀድልህ ወረፋ ትጠብቃለህ። ከቻይና ዕቃ ለማምጣት ያ ምንም አይደለም። ከሰንዓፈ ዛላምበሳ፣ ከአክሱም መንደፈራ ጤፍና ጨው ለሚያመላልስ ነጋዴ ግን መንገዱን መዝጋት ነው። የዚያን ጊዜ ከኤርትራ የወጪ ንግድ ትልቁን ድርሻ የሚገዛው የኢትዮጵያ ገበያ ነበር። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያም ናቅፋ በወጣበት በዚያው የፈረንጆች ዓመት ሥራ አቆመ።

ከስድስት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1990፣ ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ።

ጦርነቱን ናቅፋ አመጣው አልልም። ድንበሩ ነበር፣ የሁለት ድርጅቶች የቆየ ቂም ነበር፣ ኩራትም ነበር። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ብሩ ላይ ሲጣሉ የሚሄዱበት ሽማግሌ አልነበረም፣ የሚያዩት ውል አልነበረም። አባቶች «እንደ ወንድም ተበላሉ፣ እንደ ባዕድ ተሳሰቡ» ይላሉ። መበላላቱ ነበር፣ መተሳሰቡ ቀረ።

የተከተለውን ሂሳብ እንይ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። የኢትዮጵያ ሠራዊት ከ300 ሺህ በላይ ሆነ፣ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ሊሆን የሚችል በጀት ምሽግ ውስጥ ገባ። በኤርትራ በሕግ 18 ወር የነበረው ብሔራዊ አገልግሎት ማብቂያ የሌለው ሆነ፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ጉልበቱን ያለ በቂ ደመወዝ ሰጠ፣ ብዙውም ተሰደደ። ከኢትዮጵያ ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ኤርትራውያንና የኤርትራ ትውልድ ያላቸው ሰዎች ቤትና ሱቃቸውን ትተው ሄዱ፣ ከኤርትራም በርካታ ኢትዮጵያውያን ባዶ እጃቸውን ወጡ። አሰብ ሥራዋ ከሞላ ጎደል የኢትዮጵያ ጭነት ስለነበር ክሬኖቿ ቆሙ። ኢትዮጵያ ጭነቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች፤ ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዳችን በዚያ አንድ በር ይወጣል ይገባል። ለወደብ በዶላር እንከፍላለን፣ ያ ወጪ ዘይቱም ላይ ስኳሩም ላይ ይጨመራል።

ከአልጀርስ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 የመጨረሻ ውሳኔውን ሰጠ። ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ሲቀናነስ ልዩነቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። ያ ሁሉ ሞት፣ ያ ሁሉ ንብረት፣ በወረቀት ላይ ተጣፍቶ ሲያልቅ የቀረው ይህ ነው።

«ሌላ አማራጭ ነበር ወይ?» ትሉ ይሆናል። በዚያው እ.ኤ.አ. 1993፣ ከኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ አራት ወር ቀደም ብሎ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ለሁለት ተከፈለች። የነሱ ሁኔታ ከኛ በጣም ይለያል፤ ጦርነት አልነበራቸውም፣ ሀብታሞችም ነበሩ። ግን አሠራራቸውን እዩት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለበት አገር ቀረ፣ የቀረው በሕዝብ ብዛት ሁለት ለአንድ ተካፈለ። ገንዘቡን ለጥቂት ወራት በጋራ እንጠቀም ብለው ነበር፤ እነሱም አልቻሉም፣ በስድስተኛው ሳምንት ፈረሰ። ልዩነቱ መፍረሱን አስበውበት ነበር፤ ኖቶቹ ላይ የሚለጠፍ ቴምብር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ለጥፈው ተለያዩ። የጋራ ጉምሩካቸው ግን ሁለቱም አውሮፓ ኅብረት እስኪገቡ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2004፣ ቀጠለ። ገንዘብ ተለየ፣ ገበያ አልተዘጋም።

አሁን ወደ ስኮትላንድ እንመለስ። የነፃነቱ ወገን ፓውንዱን በጋራ እንጠቀማለን ሲል የብሪታኒያ ገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦስቦርን ከድምጹ ሰባት ወር በፊት «አይሆንም» አሉ። አበዳሪዎች እንዳይደናገጡ ደግሞ የለንደን ግምጃ ቤት ያለውን ዕዳ ሁሉ እኔ እቆምለታለሁ አለ። አርቢኤስና ሎይድስ «አዎ» ካሸነፈ ሕጋዊ መቀመጫችንን ወደ እንግሊዝ እናዞራለን ብለው በግልጽ ተናገሩ። የነፃነቱ ሰነድ በጀቱን ያሰላው ነዳጅ በበርሜል ከ110 ዶላር በላይ ይሸጣል ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ዋጋው ከ30 ዶላር በታች ወረደ። የነፃነት ደጋፊዎች ይህን ሁሉ «ማስፈራሪያ» አሉት፤ ከፊሉም ማስፈራሪያ ነበር። ግን መራጩ የአስመራም የአዲስ አበባም ሰው በ1985 ያላገኘውን ነገር አገኘ፦ «ከፓውንዱ ጋር ምን ይሆናል?» ብሎ የመጠየቅና መልስ የማግኘት ዕድል። መልሱ «አናውቅም» ቢሆን እንኳ፣ ከጥቅምት 1990 በፊት ማወቁ ይሻላል።

ያለፈ ነገር ነው እንዳትሉኝ፣ እኛም በዓይናችን አይተነዋል። ሐምሌ 2010 ሰላም ወረደ፣ ስልክ ተከፈተ፣ አውሮፕላን አስመራ ገባ፣ መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ። ሰው እየተላቀሰ ተቃቀፈ። ሲሚንቶው፣ ጤፉ፣ ጫማው ወዲያው መንገድ ጀመረ። የጉምሩክ ደንብ ግን የለም፣ የምንዛሪ ስምምነት የለም፣ ናቅፋና ብር መንገድ ዳር ላይ በሰዉ ግምት ይመነዘራሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ መተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በ2016 መጨረሻ በረራውም ቆመ። ሃያ ሁለት አካባቢ ካፌዎች ውስጥ ትግርኛን በአስመራ ቅላጼ የሚያወሩ ልጆች ቀሩ፤ እንደገና በጥላቻና በናፍቆት መሀል።

እና አንቀጽ 39። የ1987 ሕገ መንግሥት የመገንጠልን ሂደት በአምስት ነጥብ ያስቀምጣል፦ የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምጽ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ፣ አብላጫ ድምጽ፣ የሥልጣን ርክክብ፣ በመጨረሻም በሕግ መሠረት የንብረት ክፍፍል። አንቀጹን የሚደግፈውም የሚጠላውም ሲከራከር የሚውለው በመጀመሪያዎቹ አራቱ ላይ ነው። አምስተኛው አንድ መስመር ነው። ብሩ፣ የባቡር ሐዲዱ ብድር፣ ግድቡ፣ የጡረታ ፈንዱ፣ ሌላ ክልል ውስጥ ቤት የሠራው ሰው፣ ሁሉም በዚያች መስመር ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ «ይገንጠሉ፣ እንገላገል» ወይም «አሰብን እንውሰድ» ሲል፣ ጀግና ወይም ባንዳ ከማለታችን በፊት የሂሳብ ሠራተኛዋን ጥያቄ እንጠይቀው፦ በምን ገንዘብ? በየትኛው ወደብ? ዕዳውን ማን ይዞ? በመሀል የሚኖረው ሰው የት ይድረስ? መልስ ካለው ቁጭ ብለን እንስማው።