የማይታየው ወጪ በየትኛው ዕቃ ላይ ይውደቅ?

ብረታ ብረት በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የአንድን ዕቃ ዋጋ ለማስላት ለሚነሣ ሰው፣ የጥሬ ዕቃውንና የሠራተኛውን ክፍያ ማወቅ ቀላል ነው። አስቸጋሪው የኪራዩ፣ የመብራቱ፣ የጥገናውና የመጋዘኑ ወጪ ነው፤ የየትኛው ዕቃ ድርሻ እንደሆነ በግልጽ አይታይምና። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተለመደው መንገድ ሁሉንም ደምሮ በደመወዝ መጠን ማከፋፈል ነበር።

ይህን ልማድ አጥብቆ የተቸው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌግዛንደር ሃሚልተን ቸርች ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች፣ ሞረድ ይዞ የሚሠራውና ብዙ ገንዘብ በፈሰሰበት ማሽን ላይ የቆመው ሠራተኛ ደመወዛቸው ስለተቀራረበ ብቻ እኩል ወጪ ሊጫንባቸው አይገባም ሲል ተከራከረ። ለቸርች እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ኪራይና የራሱ ወጪ ያለው ትንሽ ፋብሪካ ነው። ዘዴው ግን መዝገብ የሚያበዛ ሆነና ብዙ ተከታይ አላገኘም።

በ1980ዎቹ፣ የእርሻ መሣሪያ አምራቹ የጆን ዲር ኩባንያ የትራክተር ክፍሎች ፋብሪካ ከውጭ አምራቾች ጋር ተወዳድሮ ለ275 ዓይነት ክፍሎች ዋጋ አቀረበ። ያሸነፈው በ58ቱ ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም በአመዛኙ በትንሽ መጠን የሚታዘዙ ነበሩ። ቶርኖ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑን ለአዲስ ሥራ ለማዘጋጀት የሚፈጀው ሰዓት 50 ፍሬም ቢመረት 5000 ያው ነው። ሒሳቡ ግን ይህን ወጪ በጅምላ ስለሚያከፋፍል፣ በብዛት የሚመረተውን ያስወድድ፣ ጥቂቱን ያረክስ ነበር። (እኔም ሥራ ስጀምር፣ ለአራት ልዩ ቡሎን ግማሽ ቀን ማሽን ስናዘጋጅ ውለን፣ ያስከፈልነው በአራት መቶው ሒሳብ ነበር። ደንበኛው ተደስቶ ሄደ።)

ፋብሪካው ወጪውን በተግባር ለየው፦ ማሽን ማዘጋጀት፣ የሥራ ትእዛዝ ማውጣት፣ ዕቃ ማጓጓዝ፣ ወዘተ። የሃርቫርድ መምህራን ሮበርት ካፕላንና ሮቢን ኩፐርም ይህን አጥንተው፣ በተግባር ላይ የተመሠረተውን የወጪ አደላደል ለዓለም አስተዋወቁ።

ሆኖም ዘዴው የቸርችን ዕዳ ወረሰ፤ መዝገቡ በዛ። ከዚህም በላይ፣ ሠራተኛው ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ ሲጠየቅ ሥራ ፈትቼ እቀመጣለሁ የሚል አልተገኘም። ስለዚህ ካፕላንና ስቲቨን አንደርሰን በ2004፣ እያንዳንዱ ተግባር የሚፈጀው ደቂቃ ይገመት፣ ያልተሠራበትም ጊዜ ለብቻው ይታይ አሉ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት፣ ቆሞ የዋለ ማሽን ወጪ በተመረተው ዕቃ ላይ አይጫን ብሎ በ1915 ተከራክሮ ነበር።