ጥንስሱ ለምን ዝም አለ?

ሦስተኛው ቀን ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ አንድ ነጭ ባሊ ተቀምጧል። ውስጡ የተወቀጠ ጌሾ፣ ብቅልና ውኃ አለ። ዙሪያውን ደግሞ እኛ አለን። ጠላን በዓመት በዓል ሲቀዳልን ብቻ የምናውቅ፣ "ምን አላት! እኛም እንጠምቃለን" ብለን የተነሳን የከተማ ልጆች። ክዳኑን እንከፍታለን፣ እናሸታለን፣ እንዘጋለን። አሥር ደቂቃ ቆይተን መልሰን እንከፍታለን። አረፋ የለም፤ ድምፅም የለም። ከመካከላችን አንዱ "ሞቷል" አለ። አንዷ ደግሞ "መጀመሪያስ መቼ ነፍስ ነበረውና?" አለችው።

ልብ በሉልን፣ ይህቺ ጥያቄ እንደዋዛ የምትታለፍ አይደለችም። በሚፈላ መጠጥ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር የአውሮፓን ሊቃውንት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያነታርክ ኖሯል።

እኛም እንደ ዘመናችን ልጆች መጀመሪያ የሮጥነው ወደ መጽሐፍና ወደ ኢንተርኔት ነው። ጠላ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ አክስት ደብረ ብርሃን ላይ እያሉልን! ወደ እርሳቸው እንመለሳለን። ለጊዜው ያነበብነውን እናካፍላችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ጭንቀቱ የቆየ ነው። በዛሬዋ ኢራቅ ምድር ይኖሩ የነበሩት ሱመሮች ኒንካሲ የምትባል የቢራ አምላክ ነበረቻቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ገደማ በሸክላ ላይ የተጻፈላት ውዳሴ የጠመቃውን ሥራ ይዘረዝራል። ብቅሉ ይነከራል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ይደባለቃል፣ ይጠለላል። ብቅልና ዳቦ አንድ ላይ! ጠላ ሲጠመቅ ያየ አበሻ ይህን ሲያነብ የገዛ ሰፈሩ የገባ ነው የሚመስለው። ወደ ቤታችን ስንጠጋ ደግሞ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና፣ ድል አድርጎ ወደ ሌላ ምድር ያዛወራቸውን ቤጃዎች ዳቦና ሥጋ እያበላ፣ ከእህል የተጠመቀ መጠጥና ወይን እያጠጣ እንዳጓዛቸው በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። ንጉሡ ማጠጣቱ ተጽፏል፤ ማን እንደጠመቀው አልተጻፈም። ይህቺን ነገር ያዙልን።

ከዚያ ብዙ ዘመን እንዝለል። በ1516 በባቫሪያ አንድ ዝነኛ ሕግ ወጣ። ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕ (የእነሱ ጌሾ በሉት) እና ከውኃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት የሚል ነው። ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት፤ እርሾ የለም። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ሆኖ ሳለ ከሕጉ ቀርቷል። ጠማቂዎቹ ከጋኑ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ለሚቀጥለው ጠመቃ እንደሚበጅ ያውቁ ነበር። ዝቃጩ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ግን አልነበረም።

በ1680 ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በሠራው ማጉያ መነጽር የቢራ ጠብታ ተመለከተ። ትንንሽ ድቡልቡል ነገሮችን አየ፣ መዝግቦም አስቀመጠ። ነፍስ እንዳላቸው ግን አልጠረጠረም። ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩን ሳይከፍት ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በ1767 ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሰባኪ ሊድስ ከተማ ውስጥ ከአንድ ቢራ ጠማቂ ጎን ቤት ተከራየ። ጎረቤቱ ጋ እየሄደ ሲመለከት፣ በሚፈላው ጋን አፍ ላይ የሚቀጣጠል እንጨት ሲያስጠጉ እሳቱ እንደሚጠፋ አየ። ከጋኑ የሚወጣው አየር ሌላ ዓይነት ነበር፤ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው። ፕሪስትሊ ያንን አየር ውኃ ውስጥ አስገብቶ የሶዳ ውኃ ሠራ፤ አሠራሩንም በ1772 አሳተመ። እናም ወዳጆቻችን፣ አምቦ ውኃ የምትወዱ ሁሉ፣ በፋብሪካ ጋዝ የሚጨመርበት ውኃ ታሪክ የሚጀምረው ከቢራ ጋን አፍ ነው።

ዋናው ጠብ የተነሳው በ1837 አካባቢ ነው። ሦስት ሰዎች፣ ካኛር ደ ላ ቱር በፈረንሳይ፣ ሽቫንና ኩትሲንግ በጀርመን፣ ሳይመካከሩ አንድ ነገር ተናገሩ፦ እርሾ ሕያው ነው፣ ይራባል፣ መጠጡን የሚያፈላውም እሱ ነው። የዘመኑ የኬሚስትሪ ቁንጮዎች ሳቁባቸው። ሊቢግና ቮለር በ1839 በራሱ በሊቢግ መጽሔት ላይ ስማቸውን ደብቀው የሹፈት ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ እርሾን በማጉያ ሲያዩት ትንንሽ እንስሳት ሆኖ እንደተገኘ ይተርካል። ስኳር ይበላሉ፣ በኋላቸው አልኮል ይለቃሉ፣ ፊኛቸውም የሻምፓኝ ጠርሙስ ይመስላል። ደህና ቀልድ ነው። ችግሩ፣ ጨዋነቱን ትተን ካየነው፣ የተቀለደባቸው ሰዎች ልክ ነበሩ።

በ1856 ሊል ከተማ ውስጥ ከስኳር ድንች ዘመድ ሳይሆን ከቀይ ሥር ዘመድ፣ ከነጩ የስኳር ሥር፣ አልኮል የሚያወጣ አንድ ባለፋብሪካ ጋኖቹ እየኮመጠጡ ኪሳራ ላይ ጣሉት። ልጁ የሚማረው ሉዊ ፓስተር ዘንድ ነበርና "መምህር፣ እስቲ እይልኝ" አለ። እኛ በባሊያችን ዙሪያ የተጨነቅነውን ጭንቀት፣ እሱ በንብረቱ ተጨንቆት ነበር። ፓስተር ከጋኖቹ እየቀዳ በማይክሮስኮፕ ማየት ጀመረ። ደህና በፈላው ውስጥ ድቡልቡሎቹ እርሾዎች አሉ። በኮመጠጠው ውስጥ ደግሞ ከእነሱ በጣም ያነሱ ሌሎች ገብተዋል። በ1857 ስለ ወተት ማኮምጠጥ፣ በ1860 ስለ አልኮል የጻፈው ሁሉ ከዚህ የተቀጠለ ነው። መልሱ እንዲህ ሆነ፦ የሚፈላው ሕይወት ስላለ ነው፤ የሚበላሽውም ሌላ ሕይወት ስለገባበት ነው። በ1871 ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ ቢራ ፋብሪካ ጎብኝቶ እርሾአቸው እንደተበከለ በማይክሮስኮፑ አሳያቸው። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ሲሄድ ሰዎቹ የራሳቸውን ማይክሮስኮፕ ገዝተው ጠበቁት። ስለ ቢራ የጻፈው ትልቁ መጽሐፍ በ1876 ወጣ።

ቀጥሎ ዴንማርክ። የካርልስበርግ ባለቤት ያኮብሰን በ1875 ቤተ ሙከራ አቋቁሞ ነበር። በ1883 ቢራው ታመመበት። ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የተባለው ተመራማሪ መርምሮ እርሾው አንድ ዓይነት ሳይሆን የዱር እርሾ የተቀላቀለበት መሆኑን አገኘ። ከዚያም ከአንድ ሕዋስ ብቻ ያራባውን ንጹሕ እርሾ አዘጋጀ። ያኮብሰን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ደብቆ አልያዘውም። ለሌሎች ጠማቂዎች በነፃ ሰጠ። ጎረቤት "እስቲ ትንሽ እርሾ" ብላ ስትልክ የማይከለከልበት አገር ለምናድግ ለእኛ፣ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ወደ ባሊያችን ስንመለስ ቢያንስ ምን እየጠበቅን እንደሆነ ገባን። እርሾ እንደገባ አረፋ አያወጣም። መጀመሪያ ከቦታው ይላመዳል፣ ይራባል፤ ይህ ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ሦስት ቀን ሊወስድ ይችላል። ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ዝም ማለቱ ብቻውን ሞቱን አያሳይም። ሲጀምር ግን ከመቶ ግራም ስኳር ወደ ሃምሳ አንድ ግራም አልኮልና ወደ አርባ ዘጠኝ ግራም ጋዝ ሊወጣ ይችላል። ግማሽ የሚሆነው አየር ነው ማለት ነው! በዚህ ጊዜ መውጫ የሌለው ክዳን ጠርቅሞ መዝጋት ዕቃውን ማፈንዳት ነው። እኛ ጠርቅመን ዘግተነው ነበር።

እንግዲህ አፍረን ደወልን።

"እትዬ፣ ጥንስሱ ሦስት ቀኑ ነው፤ ምንም አይልም።"

"ዕቃውን በወይራ አጥናችሁታል?"

"ፕላስቲክ ነው እትዬ።"

ዝም አሉ። ከዚያ "በሉ ስልኩን ወደ ጠላው አስጠጉልኝ" አሉን። እውነታችንን ነው የምንላችሁ፤ ክዳኑን ከፍተን ስልኩን ባሊው አፍ ላይ ያዝን። ትንሽ ቆይተው "አልሞተም፤ ብርድ ነው የያዘው። ወለሉ ላይ ነው አይደል ያስቀመጣችሁት? አንሱትና ጋቢ ደርቡለት። በየደቂቃው እየከፈታችሁም አታስጨንቁት!" አሉ።

ሴራሚክ ወለል ላይ ማስቀመጣችንን አልነገርናቸውም ነበር።

ጋቢውን ደርበን ተቀመጥንና ስለ እትዬ ማሰብ ጀመርን። ዕቃውን በወይራ ማጠን ምንድን ነው? የማይፈለገውን ሕይወት ከጋኑ ማባረር ነው፤ ፓስተር ሊል የጠየቀው ጥያቄ የጋን አፍ ላይ መልስ ሲያገኝ። ጌሾውስ? ምሬቱን ይሰጣል፣ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፣ እርሾውም ከእሱና ከብቅሉ ጋር ይገባል። ከጥንስስ ወደ ድፍድፍ፣ ከድፍድፍ ወደ ጉሽ፣ መጨረሻ ላይ ቅራሪና አተላ እያሉ ለእያንዳንዱ ደረጃ ስም ማውጣትስ? ቋንቋችን ራሱ ከጋኑ አጠገብ ነው ያደገው። ሐሳብ "እናብላላለን"፣ ሴራ "ይጠነሰሳል"። ይህን ዕውቀት በመነጽር ሳይሆን በጆሮ፣ በአፍንጫና በእጅ የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተመሠረተው በ1922 ነው፤ ዓመቱ ይታወቃል። ከእሱ በፊትም በኋላም በረጅም እንጨት ላይ ጣሳ ደፍተው ያጠጡን፣ በዚያችው ገቢ ደብተርና ዩኒፎርም የገዙ እናቶች ግን ዓመትም ስምም የላቸውም። ኢዛና ድንጋይ ላይ ሳያስጽፋቸው ቀሩ፤ እኛም ስልካችን ላይ ቁጥራቸው እያለ ሳንጠይቃቸው ልንቀር ነበር። የሃንሰን እርሾ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይቀመጣል። የእትዬ ጆሮ የሚቀመጠው የት ነው?

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋቢውን ገልጠን ጆሯችንን አስጠጋን። ከሩቅ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር የሚመስል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ቲሽ... ቲሽ... ከዚያ አንዲት አረፋ ወጣች፤ ከዚያ ሌላ።

ደወልን። ገና "እትዬ" ስንል "ተነሳ አይደል?" አሉ። "አሁን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። እርሳስና ወረቀት ያዙ።"

ያዝን። ቂጣው ስንት ቀን እንደሚቆይ እየጻፍን ነው። ቸር እንሰንብት።