የጦር መሣሪያ ሽያጭና የሕግ ልጓም

ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ወደብ የሚወርደው አውራ ጎዳና ከመዘርጋቱ አስቀድሞ፣ የአፋር ምድር ከታጁራ ወደ ሸዋ ጠመንጃ የሚያጓጉዙ የግመል ቅፍለቶች መተላለፊያ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡርም አዋሽን ተሻግሮ ያልፍ ነበር። መንገዱ ቢኖርም ቅሉ፣ ዘመናዊ መሣሪያ የምትገዛው ከውጭ ስለ ነበረ የኢትዮጵያ ትጥቅ በባሕር ማዶ ሕግ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ኢጣሊያ ለወረራ ስትሰናዳ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አጥቂውን ከተጠቂው ለይተው የሽያጭ እገዳ ለመጣል ሥልጣን እንዲኖራቸው ፈልገው ነበር። ኮንግሬሱ ግን አገሪቱን ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገፉ የመሣሪያ ነጋዴዎች ናቸው የሚለው ጥርጣሬ በርትቶበት ስለ ነበረ ይህን ሥልጣን ነፈጋቸው። ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. የጸናው የገለልተኛነት ሕግ ለተዋጊዎቹ ሁሉ መሣሪያ እንዳይሸጥ አዘዘ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ መስከረም 24 ቀን እገዳው በሁለቱም አገሮች ላይ ታወጀ። በዚያው ሳምንት፣ መስከረም 30 ቀን፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር የተሰበሰቡት አገሮች እገዳው በኢጣሊያ ላይ ብቻ እንዲጸና፣ በኢትዮጵያ ላይ የነበረውም ክልከላ እንዲነሣ ወሰኑ። የአሜሪካው ሕግ ግን እንዲህ ለመለየት ቦታ አልነበረውም። መሣሪያዋን በገዛ ፋብሪካዋ ለምትሠራው ኢጣሊያ እገዳው ቀላል ነበር፤ ለኢትዮጵያ ግን የተዘጋ በር ሆነባት። ነዳጅ ዘይትም በሕጉ ስላልተካተተ ወደ ኢጣሊያ መጫኑ አልቆመም።

ከአርባ ዓመት በኋላ ስሕተቱ ወደ ሌላው ወገን አዘነበለ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የመሣሪያ ሽያጭ ሕግ፣ ታላላቅ ሽያጮች አስቀድመው ለኮንግሬስ እንዲቀርቡና 30 ቀን እንዲጠበቅ ደነገገ፤ ሆኖም ፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ሁኔታ መኖሩን ካስታወቁ ጥበቃው ይቀራል። ካርተር በ1971 ዓ.ም. ለሰሜን የመን፣ የትራምፕ መንግሥትም በ2011 ዓ.ም. ለሳዑዲ ዓረቢያ፣ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ለዮርዳኖስ በዚሁ ቀዳዳ ተጠቀሙ። በኋለኛው ጊዜ ሁለቱ ምክር ቤቶች ቢቃወሙም ፕሬዚዳንቱ ውሳኔያቸውን ሻሩት።

እንግዲህ ማመዛዘንን የሚከለክል ሕግ ተጠቂውን ይጎዳል፤ ዳኛ የሌለው አስቸኳይነትም ሕጉን ራሱን ባዶ ያደርገዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን፣ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ሳለ የሚታወጅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብለትና በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲጸድቅ ሲያዝ፣ መካከለኛውን መንገድ ያመለክታል። አስፈጻሚው ይቸኩል፤ ነገር ግን ስለ ችኮላው በተቆረጠ ጊዜ መልስ ይስጥ።