የጎረቤት ማማ

ዕለቱ አርብ ነው፤ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022)። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደውና ዓለም ‹ዘ ዊክንድ› የሚለው አቤል ተስፋዬ በትውልድ ከተማው ቶሮንቶ ትልቅ ኮንሰርት ሊያቀርብ ቀጠሮ ይዟል። ታዳሚው ስታዲየሙ ደጃፍ ድረስ መጥቷል። ኮንሰርቱ ግን አልተካሄደም። ምክንያቱ ዝናብም የዘፋኙ ሕመምም አይደለም፤ ኔትወርክ የለም! የእኛ ብቻ የምትመስለን ዓረፍተ ነገር ለካ ካናዳም ትነገራለች።

የወደቀው፣ ስታዲየሙ ራሱ በስሙ የሚጠራው ሮጀርስ የተባለ ግዙፍ የቴሌኮም ኩባንያ ነበር። በማሻሻያ ሥራ ላይ ሳለ አንድ ማጣሪያ በስህተት ተሰረዘና የኔትወርኩ ማዕከል በመረጃ ጎርፍ ተጥለቀለቀ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ከስልክና ከኢንተርኔት ውጪ ሆኑ። በባንክ ካርድ መክፈል በመላ አገሪቱ ተስተጓጎለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ብዙዎች ወደ 911፣ ማለትም ወደ አስቸኳይ ርዳታ ቁጥር፣ መደወል አለመቻላቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። የተፎካካሪዎቹ የቤልና የቴለስ ማማዎች በየመንገዱ ዳር ቆመው እየሠሩ ነበር። ታዲያ የሮጀርስ ደንበኛ ስልክ ለምን ወደ እነሱ አልተሻገረም?

ስልክ ሌላ ኔትወርክ የሚፈልገው የራሱ ሲጠፋበት ነው። የሮጀርስ ማማዎች ግን አልጠፉም፤ ‹አለሁ፣ አለሁ› የሚል ምልክት መላካቸውን ቀጥለው ነበር። የሞተው ከኋላቸው ያለው ማዕከል ነው። ስልኩ ‹ቤቴ ደርሻለሁ› ብሎ በሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ውስጥ ግን ከፋች የለም። ሲም ካርዱን ከቀፎው ያወጣ ሰው፣ ስልኩ ቤት የለሽ ስለሚሆን፣ ባገኘው ማማ 911 መደወል ይችል ነበር። ግን ስንቱ ሰው ይህን ያውቃል? እናቱ ራሷን ስታ የወደቀችበት ልጅ የሲም መንቀያ መርፌ ፍለጋ መሳቢያ ይበረብራል?

ተፎካካሪዎቹ ‹እንርዳ› ብለው ነበር። ሮጀርስ ግን ደንበኞቹን ወደ እነሱ ማሻገር አልቻለም፤ የደንበኞቹ መዝገብ ያለው እዚያው በተዘጋው ማዕከል ውስጥ ነዋ!

ነገሩ በዓለም አዲስ አልነበረም። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012፣ ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ሲመታ፣ በተጎዳው አካባቢ ከነበሩት የሞባይል ጣቢያዎች ሩብ ያህሉ ከሥራ ውጪ ሆነዋል። በሁለት ቀን ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ ሞባይል በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ ማማዎቻቸውን አንዱ ለሌላው ደንበኞች ከፈቱ። ደንበኛው የከፈለው ተጨማሪ ሂሳብ፣ የቀየረው ሲም አልነበረም። ቴክኖሎጂው የዚያን ሳምንት የተፈጠረ አይደለም፤ ውጭ አገር ስንሄድ ስልካችን በሰው ኔትወርክ የሚሠራበት ሮሚንግ ነው። የጎደለው ስምምነት ነበር።

ዩክሬንም እንዲሁ። ጦርነቱ በፌብሩዋሪ 2022 በተስፋፋ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሦስቱ ኦፕሬተሮች ኪየቭስታር፣ ቮዳፎን ዩክሬንና ላይፍሴል በአገር ውስጥ ሮሚንግ ተስማሙ። ማማው በቦምብ የወደቀበት ሰው ከስልኩ ሴቲንግ ገብቶ የሌላውን ኔትወርክ እየመረጠ ‹በሕይወት አለሁ› ማለት ቻለ።

ግን ለዚህም ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2023 ጠላፊዎች የኪየቭስታርን ማዕከል አወደሙ። 24 ሚሊዮን ገደማ የሞባይል ደንበኞች ያሉት ኩባንያ ነው። ያ የተመሰገነ ሮሚንግ ይህን ቀን አላዳነም። የጎረቤት ማማ እንግዳ ሲመጣበት ‹ይህ ሰው የአንተ ነው ወይ?› ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ባለቤቱ መልስ መስጠት ካልቻለ እንግዳው በር ላይ ይቀራል። ሰዉም የሌላ ኩባንያ ሲም ለመግዛት ተሰለፈ።

ካናዳ ከውድቀቱ በኋላ ለኩባንያዎቿ 60 ቀን ሰጥታ በሴፕቴምበር 2022 የመረዳጃ ስምምነት አስፈረመች። አሜሪካም ለረጅም ጊዜ በፈቃደኝነት ይሠራበት የነበረውን የአደጋ ጊዜ ሮሚንግ በዚያው ዓመት ግዴታ አደረገችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ለሚቀጥለው ጅብ መጮኽ ግን ክፋት የለውም።

ወደ እኛው እንመለስ። በአገራችን ሞባይል ሥራ ከጀመረበት ከ1991 ዓ.ም. አንስቶ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ኔትወርክ ብቻ ነበረን። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መግቢያ ሲቆይ ‹ወደ ሌላው እንቀይር› የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሌላ የለማ! በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ ሲጀምር ግን ከ09 ጎን 07 መጣ። ዛሬ ብዙዎቻችን ሁለቱንም ሲሞች በአንድ ቀፎ ይዘን እንዞራለን። አንዱ እምቢ ሲል ወደ ሌላው እንዞራለን። ሳናውቀው የካናዳ ኩባንያዎች የፈረሙትን ውል በኪሳችን ተፈራርመናል ማለት ነው።

ይህ ግን ሁለት ሲም ለያዘው፣ ሁለቱም ኔትወርክ ለሚደርስበት ከተሜ ነው። አንዲት ሲም ይዛ ገጠር ያለችው አያታችን ሌሊት ምጥ የያዛት ልጇን ይዛ አምቡላንስ ስትደውልስ? ለሁለቱም ድርጅቶችና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የምናቀርባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ሲወድቅ ቢያንስ የአደጋ ጥሪ በሌላው ማማ ያልፋል ወይ? ማዕከሉ ራሱ ቢሞትስ የደንበኛው መዝገብ ሌላ ቦታ ቅጂ አለው? መልሱን አሁን፣ ኔትወርክ እያለ እንስማው። አያታችን የሲም መንቀያ መርፌ የላትም።